የአካባቢ ልማትን ከነዋሪው ጋር መከታተል፦ ለጅማና ዙሪያዋ የአሠራር መመሪያ

አንድ ጥያቄ በተለያየ አፍ ይደርሰኛል። የወጣት ማህበራት ይጠይቁኛል። ለመስክ ሥራ የሚወጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይጠይቁኛል። ገና የተቀጠሩ የፕሮጀክት ሠራተኞችም እንዲሁ። «ባለድርሻ አካላትን በልማት ክትትል አሳትፉ ተብለናል። ስብሰባ ጠራን። ሰው መጣ፣ ሻይ ጠጣ፣ አቴንዳንስ ላይ ፈረመ፣ ሄደ። ከዚህ በኋላስ ምን እናድርግ?»

አጭሩ መልስ ይኸውና። ሰው ክትትል ላይ የሚቆየው የመዘገበው ቁጥር መልስ ሲያገኝ ነው። መልስ የሌለው ልኬት በሁለተኛው ወር ይሞታል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ስብሰባ በመጥራት አይደለም። ሁለት ነገር በማወቅ ነው፦ ምን እንለካለን? ልኬቱ መጥፎ ሲሆን መልስ የሚሰጠው ማን ነው?

እንደ ምሳሌ አዌቱን ይዤ እሄዳለሁ። ወንዙ ጅማን መሃል ለመሃል አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል። ውሃው ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ይቀጥላል። ግልገል ጊቤ ላይ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ አለ። ከላይ የተጣለው ሁሉ ታች ላለው ሰው ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ለክትትል ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ጥሩ ነው። አሠራሩ ግን ለቦኖ ውሃም፣ ለደረቅ ቆሻሻም፣ ለደንም ያው ነው። የምትለኩትን ብቻ ትቀይራላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጠንካራ ሽፋን ያላቸው 2 መዝገቦች፤ አንዱ ለመስክ፣ አንዱ ለግልባጭ
- እርሳስ (እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል፤ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ)
- ሰዓት ያለው ስልክ፣ ሜትር፣ ሲባጎ
- ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እና ነጭ ሳፋ
- ከ60 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ፣ በአንድ በኩል የሚደፈን
- የአሲድነት መለኪያ ወረቀት (ፒኤች ወረቀት)
- ቦቲ ጫማ እና ረጅም የጎማ ጓንት
- ትልልቅ ወረቀት፣ ማርከር፣ ፕላስተር
- ከቀበሌው የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ
- ለባጃጅና ለቡና የሚሆን ትንሽ ገንዘብ

ታብሌት፣ ድሮን፣ ቲሸርትና ባነር አያስፈልግም። ባነር የሚያሠራ ገንዘብ ካላችሁ ቦቲ ጫማ ጨምሩበት።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አጥብባችሁ ጻፉ

«የጅማ ዘላቂ ልማት እንዴት እየሄደ ነው?» የሚለውን ማንም ሊለካው አይችልም። እንዲህ ብላችሁ ጻፉት፦ «አዌቱ ከተማ ሲገባና ከከተማ ሲወጣ በድፍርስነቱና በጠረኑ ምን ያህል ይለያል? ልዩነቱ ከዓመት ዓመት ይጠባል ወይስ ይሰፋል?»

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ጥያቄው ሲጠብብ ማንን መጋበዝ እንዳለባችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ሰፊ ሲሆን ግን ሁሉም ይጋበዛል፤ ሁሉም ይመጣል፤ ማንም ሥራ አይዝም።

የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቋቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦችና 169 ዒላማዎች አሉ። ብዙ ሰው ከዚያ ዝርዝር ለመጀመር ይሞክርና እዚያው ሰጥሞ ይቀራል። እናንተ ከወንዙ ጀምሩ። ሪፖርት ሲጠየቅ ግብ 6 ሥር ታስገቡታላችሁ፤ እሱ የንጹሕ ውሃና የሳኒቴሽን ነው። ሥራችሁ የከተማ ቆሻሻ ላይ ከሆነ ግብ 11፣ ደን ላይ ከሆነ ግብ 15 ነው። ይህን ማወቅ ለአሁኑ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ቦታውን በእግር ዙሩ፣ ሰዎቹን በሦስት ዓምድ ጻፉ

ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚወጣ የባለድርሻ ዝርዝር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ጽሕፈት ቤት፣ ጽሕፈት ቤት፣ ጽሕፈት ቤት፣ መጨረሻ ላይ «ማህበረሰቡ»። ይህን ለማምለጥ ከላይኛው ድልድይ እስከ ቦዬ በእግር ሂዱ። ያገኛችሁትን ሰው ሁሉ ከሦስቱ በአንዱ ጻፉ፦

የሚነካው፣ ጫናውን የሚፈጥረው፣ መወሰን የሚችለው።

ልብስ የሚያጥቡ፣ ከብት የሚያጠጡ፣ ዳር ላይ አትክልት የሚያለሙ፣ ጋራዥና ሉካንዳ ያላቸው፣ መኪና የሚያጥቡ ወጣቶች፣ ቦዬ በኩል ጡብ የሚሠሩ፣ የዕድር ዳኞች፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴዎች፣ የትምህርት ቤት የአካባቢ ክበባት፣ የከተማው ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች። አንድ ሰው ሁለት ዓምድ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ወንዝ ዳር ጎመን የምታለማ ሴት ውሃው ሲበላሽ ትጎዳለች፤ የእርሻዋ ማዳበሪያ ደግሞ መልሶ ወንዝ ይገባል። ሁለቱም ላይ ጻፏት። ይህን ያላዩ ሰዎች ናቸው ስብሰባውን «ወንጀለኛና ከሳሽ» አድርገው የሚያበላሹት።

ሁለት ወገኖች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ።

የመጀመሪያዎቹ ከላይ ያሉት ናቸው። ወንዝ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም። የጅማ ከተማ አስተዳደርና የጅማ ዞን አስተዳደር የተለያዩ ናቸው፤ ውሃው ግን ከገጠሩ ኮረብታ ወደ ከተማው ይወርዳል። ከተማውን ብቻ ይዛችሁ ከተነሳችሁ «አፈሩ የመጣው ከላይ ነው» ትባላላችሁ፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል።

ሁለተኛዎቹ የቡና ሰዎች ናቸው። ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ ወይም ጌራ ወረዳ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ከዝርዝሩ መቅረት የለባቸውም። የአጠባ ፍሳሽ ስኳርና ልጣጭ የበዛበት ነው። ወንዝ ሲገባ ተህዋስያን ያንን እየበሉ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ሲብላላ ደግሞ ውሃው ይኮመጥጣል። ባለ ጣቢያዎቹን እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ ለኪ ጋብዟቸው። የመሠረታዊ ማህበራቱ ዩኒየኖች፣ እንደ ሊሙ ኢናራና ካታ ሙዱጋ ያሉት፣ ቡናቸውን ለውጭ ገበያ የሚያቀርቡ ናቸው። የውጭ ገዢዎች ስለ አካባቢ አያያዝ ይጠይቃሉ። ጥሩ መዝገብ ለእነሱም ይጠቅማቸዋል፤ ስታናግሯቸው ከዚህ ጀምሩ።

ደረጃ 3፦ ደብዳቤና ቋንቋ

መጀመሪያ ቀበሌው ይወቅ። ወንዝ ዳር ቱቦ ይዞ የሚያይና ማስታወሻ የሚጽፍ ወጣት ያለ ደብዳቤ ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል፤ በሰውም በፖሊስም ይጠየቃል። ደብዳቤው የለኪዎቹን ስም፣ የሚለካበትን ቦታና ወራቱን ይያዝ። ኮፒው ሁሌ ከመዝገቡ ጋር ይሁን።

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ለመሥሪያ ቤት የሚገባ ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። ቅጹ ደግሞ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጎን ለጎን ይሁን። ከተማው ውስጥ ዳውሮኛ፣ ካፍኛና የምኛ ተናጋሪም አለ፤ ስለዚህ ለኪዎችን ስትመርጡ ከሰፈሩ ሰው ጋር ያለ አስተርጓሚ የሚግባባ ሰው ይኑርበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በማይገባው ቋንቋ የተጠየቀ ሰው «እሺ» ይላል። «እሺ» ደግሞ ልኬት አይደለም።

ደረጃ 4፦ ከ5 ያልበለጡ መለኪያዎች ምረጡ

መለኪያ በሦስት ወንፊት ይለፍ። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ከአንድ ቀን ልምምድ በኋላ ሊለካው ይችላል? ወጪው በየወሩ ይቻላል? አንድ ሰው እርምጃ ቢወስድ ቁጥሩ ይለወጣል? ሦስተኛው ላይ ብዙ መለኪያ ይወድቃል። «የወረዳው ድህነት» አሳሳቢ ነገር ነው፤ የእናንተ ቡድን በየወሩ ለክቶ የሚያንቀሳቅሰው ቁጥር ግን አይደለም።

ለወንዝ እነዚህ አምስቱ ይሠራሉ፦

ሀ. ድፍርስነት፣ በሳንቲ ሜትር (በግልጽ ቱቦ ይነበባል፤ አሠራሩ ደረጃ 6 ላይ አለ)
ለ. አሲድነት፣ በወረቀቱ ቀለም
ሐ. ጠረን፣ ከ0 (ምንም የለም) እስከ 3 (በጣም ይከረፋል)
መ. ከድንጋይ ሥር የሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳት
ሠ. በ100 ሜትር ዳርቻ ላይ ያለ የቆሻሻ ክምር ብዛት

ከአምስቱ የአንዱን ቦታ ነዋሪው ራሱ ያመጣው መለኪያ ይያዝ። ባለሙያ ያላሰበው ነገር ሊወጣ ይችላል። እናቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት የኬሚካል ነገር አይደለም፤ «ልጆቼ ታጥበው ሲመጡ ያሳክካቸዋል» ይላሉ። ይህም ይቆጠራል፦ በወር ስንት ቤት እንዲህ አለ? የራሳቸው ጥያቄ የገባበት ቅጽ ሲሆን ለማስሞላት አትለምኑም።

ቦኖ ውሃ ለምትከታተሉ መለኪያዎቹ ይቀላሉ። ጀሪካኑ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? 20 ሊትር በ80 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 15 ሊትር ነው። በወሩ ስንት ቀን ተዘጋ? ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ቀድቶ ለመመለስ ስንት ደቂቃ ይወስዳል? በዓለም አቀፉ መለኪያ ውሃው ከተሻሻለ ምንጭ ሆኖ ደርሶ መልሱ ከነሰልፉ ከ30 ደቂቃ ካልበለጠ «መሠረታዊ አገልግሎት» ይባላል። ሰልፉ እንደሚቆጠር አትርሱ።

ደረጃ 5፦ የመልስ ሰንጠረዡን ከልኬቱ በፊት ሙሉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ለእያንዳንዱ መለኪያ አንድ መስመር ጻፉ፦ ገደቡ ስንት ነው? ሲያልፍ ለማን ይነገራል? በምን ያህል ቀን ይመልሳል? በማን በኩል ለነዋሪው ይደርሳል?

ለምሳሌ፦ «ቦኖው በተከታታይ ከ3 ቀን በላይ ከተዘጋ፣ ለውሃና ፍሳሽ አገልግሎቱ የጥገና ክፍል በጽሑፍ ይገለጻል፤ በ5 የሥራ ቀን ምክንያቱና የሚጠገንበት ቀን ይነገራል፤ መልሱ ቦኖው ላይ ይለጠፋል።»

ይህን ይዛችሁ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሂዱ። ቀኑን እነሱ ራሳቸው ያስቀምጡ። እናንተ «2 ቀን» ብላችሁ ከምትጭኑባቸው እነሱ «10 ቀን» ብለው ቢፈርሙ ይሻላል፤ የገቡትን ቃል ነውና ኋላ የምትጠይቋቸው። ኃላፊው ብቻ ሳይሆን ጉዳዩን በእጁ የያዘው ባለሙያም ይፈርም። ኃላፊ ይቀያየራል፤ ባለሙያው ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ለአንድ መለኪያ መልስ ሰጪ ከጠፋስ? መለኪያውን ሰርዙት። ጨካኝ ምክር ሊመስል ይችላል፤ ግን የማንም ያልሆነ ቁጥር ሰውን ያደክማል።

ደን ላይ ለምትሠሩ አንድ አጠገባችሁ ያለ ምሳሌ አለ። በበለጤ ጌራ ደን «ዋቡብ» የሚባሉ የደን አስተዳደር ማህበራት አሉ። ስምምነታቸው የነዋሪውን የመጠቀም መብትና ደኑን የመጠበቅ ግዴታ አብሮ የያዘ ነው። ክትትል መብት ሲያስከትል ሰው በራሱ ይመጣል። ለወንዝም ለቦኖም ስምምነት ስትጽፉ «ነዋሪው በምላሹ ምን ያገኛል?» የሚል መስመር አስገቡ።

ደረጃ 6፦ ለኪዎችን መስክ ላይ አሠልጥኑ

አዳራሽ ውስጥ በፓወር ፖይንት የሠለጠነ ለኪ ወንዝ ዳር ሲደርስ ቱቦውን ገልብጦ ይይዛል። ሥልጠናው ወንዙ ላይ ይሁን። ግማሽ ቀን ይበቃል።

*የድፍርስነት ቱቦ።* የቱቦውን ታች ድፈኑ፤ ከውስጥ መደቡ ላይ ነጭ ክብ አድርጋችሁ ጥቁር የመስቀል ምልክት ሣሉበት። ቱቦው ጎን ላይ ከታች ጀምሮ ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጉ። ውሃ ሙሉና ከላይ ቁልቁል ተመልከቱ። ምልክቱ ካልታየ ጥቂት ጥቂት አፍስሱ። ልክ መታየት ሲጀምር ቁሙ፤ የውሃውን ከፍታ አንብቡ። ቁጥሩ ሲያንስ ውሃው ድፍርስ ነው። ሁለት ሰው ለየብቻ ያንብብና አማካዩን ጻፉ። ጥላ ውስጥ ሁኑ፣ የፀሐይ መነጽር አውልቁ። ውሃው ቱቦ ውስጥ ቆሞ ከዘቀጠ በውሸት ንጹሕ ስለሚመስል ወዲያው አንብቡ።

*አወሳሰድ።* ፊታችሁን ወደ ላይኛው ፍሰት አዙራችሁ ቁሙ፤ ውሃውን ከፊታችሁ ቅዱ። ከኋላችሁ ከቀዳችሁ የለካችሁት የራሳችሁን እግር ያነሳውን ጭቃ ነው። ከዳሩ ሳይሆን ውሃው ከሚሮጥበት ቅዱ።

*ነፍሳቱ።* ጥልቀቱ ከጉልበት በታች ከሆነ ቦታ ድንጋይ አንሡ። ሥሩን ነጭ ሳፋ ውስጥ በውሃ እጠቡ። ጥቂት ጠብቁ፤ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ጎናቸው ላይ ላባ የመሰለ መተንፈሻ ያላቸው፣ ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ጭራ ትንንሽ ነፍሳት በርከት ካሉ ውሃው ደህና ኦክስጅን አለው። ቀያይ ቀጫጭን ትሎች ብቻ ከሆኑ ውሃው ታፍኗል። ይህ መለኪያ አንድ ጥቅም አለው፤ ነፍሳቱ እዚያው ስለሚኖሩ ከትናንት ወዲያ የተለቀቀውንም ፍሳሽ ይመሰክራሉ። ቱቦው የሚያየው የዛሬውን ውሃ ብቻ ነው። ልጆች ይህን ክፍል ይወዱታል፤ የትምህርት ቤት ክበብ ካለ ለእነሱ ስጡት።

*ላይና ታች።* አንድ ቦታ ብቻ አትለኩ። ከምትጠረጥሩት ቦታ በላይ አንድ፣ በታች አንድ ይኑር። የታችኛው ፍሳሹ ከውሃው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ፣ አንድ ሁለት መታጠፊያ አልፎ ይሁን። የላይኛው ልኬት ከሌለ የታችኛው ምንም አያስረዳም፤ «ከላይ ሲመጣም እንዲሁ ነበር» ማለት ብቻ ይበቃል።

ጥንቃቄ። በባዶ እግር ወንዝ አትግቡ፤ በአካባቢው ቢልሃርዚያ አለ። ከላይ ከዘነበ ውሃው በድንገት ይሞላልና እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ቢሆንም ውጡ። ብቻችሁን አትሂዱ። ሕፃናትን ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ አታስጠጉ። የቀዳችሁትን ውሃ በማሽተት ለመለካት አፍንጫ ሥር አትደቅኑ፤ በእጅ እያራገባችሁ አሽትቱ።

ደረጃ 7፦ የመነሻ ልኬትና የጊዜ ሰሌዳ

ምንም እርምጃ ከመወሰዱ በፊት የለካችሁት መነሻችሁ ነው። ያለ እሱ «ተሻሽሏል» ማለት አትችሉም።

ጅማ ውስጥ ወቅቱ ቁጥሩን ይገለብጠዋል። በክረምት ወንዙ አፈር ይዞ ስለሚመጣ ሁሉም ቦታ ድፍርስ ነው። የቡና አጠባ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ወራት ይበረታል፤ ያን ጊዜ ዝናቡ ቀንሶ የወንዙ ውሃ እየመነመነ ስለሚሄድ ፍሳሹ የሚቀጥን ውሃ ያጣል። የዘንድሮን ጥቅምት ከነሐሴ ጋር አታወዳድሩ፤ ከሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ጋር አወዳድሩ።

ሰዓቱም አንድ ይሁን። ገበሬው እሸቱን ቀን ለቅሞ አመሻሽ ላይ ያስረክባል፤ መፈልፈያው ማታ ይሠራል። ረፋድ ላይ የምትለኩ ከሆነ የሌሊቱ ፍሳሽ አልፎ ሊሆን ይችላል። በማለዳ ሂዱ። ሌሊት ግን አትሂዱ፤ ለዚህ ነው ነፍሳቱ የሚያስፈልጓችሁ።

ስብሰባን በተመለከተ፦ ዓርብ የጁምዓ ሰዓት፣ የገበያ ቀን፣ የረመዳን ከሰዓት በኋላ እና የለቀማው ጫፍ አይሆንም። የዕድር ስብሰባ ሲያልቅ ያለው ግማሽ ሰዓት ከሁሉ ይሻላል። ሰው ተሰብስቧል፤ አዲስ ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም።

ደረጃ 8፦ መዝገቡ

በየገጹ አናት ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የለኪዎች ስም፣ «ትናንት ዘንቧል ወይ?» ይጻፍ።

አሁን ትንሽ የምትመስል ትልቅ ነገር። ስልክ ላይ የሚሞላ ቅጽ (ኮቦ የሚባለው ነጻ መተግበሪያ ያለ ኔትወርክም ይሠራል) ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ይይዛል። መዝገቡ ላይ ሰው በኢትዮጵያ ይጽፋል። ሰዓቱም እንዲሁ፤ «2፡00» የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው ወይስ ስልኩ የሚለው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት? ሁለቱ ሲደባለቁ ልኬቱ ሁሉ ውድቅ ይሆናል። መዝገቡ ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን፤ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለው ቃል ይጻፍ። ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ሰው አንድ ብቻ ይሁንና እሱ ይቀይረው።

የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅ። በአንድ መስመር ተሰርዞ ጎኑ ላይ ትክክለኛው ይጻፍ፣ ይፈረም። የተፋቀ መዝገብ ይዞ የቀረበን ሰው ማንም አያምነውም።

ደረጃ 9፦ ማረጋገጫ

በየሦስት ወሩ አንድ የውጭ ሰው አብሯችሁ ይለካ። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ነው፤ የማህበረሰብ ተኮር ትምህርት የሚባል አሠራር ስላለው ተማሪዎች ወደ ኅብረተሰቡ ይወጣሉ። ላቦራቶሪ ላይ የተለካ ኦክስጅን ወይም የባክቴሪያ ውጤት ከእናንተ ቱቦ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ መዝገባችሁ ክብደት ያገኛል። ነገር ግን ቋሚ ልኬቱን ለተማሪዎች አትስጡ። ሲመረቁ መዝገቡም አብሮ ይመረቃል።

ደረጃ 10፦ ፊት ለፊት ተቀመጡ

በየሩብ ዓመቱ አንዴ ለኪዎች፣ ነዋሪዎችና መልስ ሰጪዎች ይገናኙ። አካሄዱ እንዲህ ይሁን።

ከቀኑ በፊት ሴቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ፣ ባለሙያዎች ለብቻ ቁጥሩን ይዩ። በአንድ አዳራሽ መጀመሪያ የሚናገረው ወንድና ሽማግሌ ነው፤ ውሃ የምትቀዳው ሴት የመጨረሻዋ ትሆናለች፣ ያውም ጊዜ ከተረፈ። ቀድማ ሐሳቧን ካስመዘገበች ግን አወያዩ ያነበዋል።

በዕለቱ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ብቻ ለጥፉ። ላይኛው ነጥብ በሰማያዊ፣ ታችኛው በቀይ ይሣል። ንባብ ለማይችሉ የላይኛውንና የታችኛውን ነጥብ ውሃ በሁለት ግልጽ ጠርሙስ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ይህን አይቶ የሚከራከር እምብዛም የለም።

ቁጥሩን ለኪው ራሱ ያቅርብ፤ የፕሮጀክቱ ሠራተኛ አያቅርብ። መልስ ሰጪው ይመልስ። ከዚያ ሦስት ዓምድ ያለው ወረቀት ይሞላ፦ ምን ይደረጋል፣ ማን፣ እስከ መቼ። ከሦስት ተግባር አትበልጡ። የሚቀጥለው ስብሰባ የሚከፈተው በዚሁ ወረቀት ነው። አዲስ አጀንዳ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጥንቃቄ። ያልተረጋገጠ ስም አትጥሩ። «ከድልድዩ በታች ባለው ነጥብ ላይ ውሃው ኮምጣጣ ሆኗል» በሉ፤ «የእገሌ ጣቢያ ነው» አትበሉ። ባለቤቱ እዚያው ተቀምጧል፣ ራሱ ይገባዋል፤ ማሻሻያ ይዞ እንዲመጣም በር ከፈታችሁለት ማለት ነው። ፎቶ ስታነሡ ሰው እንዳይታወቅ አድርጉ ወይም አስፈቅዱ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ከስብሰባው በፊት ምንም አትልቀቁ።

ደረጃ 11፦ መልስ ካልመጣ

ቀኑ አለፈ እንበል። መጀመሪያ በአካል ሄዳችሁ አስታውሱ፤ ብዙው ነገር እዚህ ያልቃል። ካላለቀ በጽሑፍ አስገቡና ግልባጩ ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ።

መረጃ ከተከለከላችሁ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ፤ መሥሪያ ቤቱ ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ጉዳዩ ብክለት ከሆነ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43ም ዜጎች በልማት የመሳተፍና ማህበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጹን ለማስፈራሪያ አትምዘዙት። ደብዳቤው ግርጌ ላይ በአንድ መስመር ይግባ፤ የሚያነበው ሰው ያውቀዋል።

ገንዘብ የሚጠይቅ መፍትሔ ከሆነ የበጀቱን ጊዜ አስቡ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ ግን ከወራት በፊት ይዘጋጃል። በሰኔ የቀረበ ጥያቄ «በጀት ተይዟል» የሚል መልስ ያገኛል። የጥር ስብሰባችሁን ለዚህ አውሉት።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

*አበል።* ለአንዱ ተከፍሎ ለሌላው ሲቀር ቡድኑ በዚያው ይፈርሳል። የባጃጅ ብርና ቡና ለሁሉም እኩል ይሁን፣ መጠኑም ከመጀመሪያው ይነገር። ፕሮጀክት ሲያልቅ መክፈል የማትችሉትን ዛሬ አትክፈሉ።

*ሁሌ አንድ ሰው።* በየስብሰባው የሚታወቅ ተናጋሪ ይኖራል። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ወንዙ ዳር አይኖርም። ለኪ መሆን ያለበት ከቦታው በእግር ሊደርስ የሚችል ሰው ነው።

*መጥፎ ቁጥር ብቻ ማቅረብ።* ከላይኛው ነጥብ ያለው ንጹሕ ውሃ፣ የተጠገነው ቦኖ፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ዙሪያውን ቬቲቨር ሣር የተከለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይጻፍ። ጥሩው ካልተጻፈ መጥፎውን የሚያምን ይቀንሳል፤ ባለሙያውም ስልካችሁን ማንሳት ይተዋል።

*መለኪያ መቀያየር።* አዲስ ለጋሽ በመጣ ቁጥር ቅጹን አትቀይሩ። ለጋሹ የሚፈልገውን በተጨማሪ ገጽ ላይ ሙሉለት፤ አምስቱ ግን እንዳሉ ይቀጥሉ። የሁለት ዓመት ያልተቋረጠ የቱቦ ንባብ ከአሥር የተለያየ ጥናት ይበልጣል፣ በእኔ ግምት።

*መዝገቡን ቢሮ መቆለፍ።* አንዱ መዝገብ ዕድሩ ጋ ወይም ቀበሌው ሰሌዳ አጠገብ ይቀመጥ፣ ማንም ገልጦ እንዲያይ። ግልባጩ በሌላ ሰው ቤት ይሁን። ለኪ ሲለወጥ አሮጌውና አዲሱ ሁለት ወር አብረው ይለኩ፤ የሁለቱ ንባብ መቀራረቡን ካያችሁ በኋላ መዝገቡን በፊርማ አስረክቡ።